ቴምብሩ ተሳስቶ ታትሞ ነው ወይስ ቤታችን ውስጥ ተበላሽቶ?

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ እዚህ ደብረ ብርሃን ቤቴ እየሮጠ መጣ። በእጁ ሰማያዊ ቴምብር ይዟል። ያው ቴምብር እኔ አልበም ውስጥ አረንጓዴ ነው። "የቀለም ስህተት ነው፣ አለፈልን!" አለኝ። የት ነበር ያስቀመጥከው ስለው፣ ለካ ዓመታት መስኮት ዳር ለጥፎት ኖሯል።

የኛን ብርድ አይታችሁ አትሸወዱ፣ የደጋ ፀሐይ ቀለም ትበላለች። ከአረንጓዴው ውስጥ ቢጫው ቀድሞ ሲለቅ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። ተሸፍኖ የቆየ ጠርዝ ካለ እሱን እዩ፤ እዚያ አረንጓዴ ካገኛችሁ ነገሩ አለቀ። የለቀቀው ቀለም አይመለስም፣ ሌሎቹን ግን ጨለማ ቦታ አስቀምጡ።

ብርቱካናማው ቡናማ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አየር ውስጥ ያለ ድኝ ነው። ይሄ ይድናል። ፋርማሲ የሚሸጠውን የቁስል ማጠቢያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጥጥ ቀስ አድርጋችሁ ንኩት፣ መጀመሪያ ግን በማታዝኑበት ቴምብር ሞክሩት። ጀርባው ላይ ሙጫው ያለውን አትንኩ።

አንድ ቀለም የጎደለ መሰላችሁ? አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ እዩት። ከዚያ ቀለም ጥቂት ነጠብጣብ እንኳ ካለ፣ ቀለሙ ሳስቶ እንጂ ጠፍቶ አይደለም።

ጠርዙ ላይ ጥርስ የሌለው ቴምብር ነጠላ ከሆነ መቀስ ጠርጥሩ። በመካከላቸው ጥርስ የሌለ፣ ሳይነጣጠሉ የተያያዙ ሁለት ቴምብሮች ካልሆኑ በቀር እኔ ብር አላወጣም።

ትንሽ ነጭ ክብና መሐሉ ላይ ነጥብ ካለ፣ ሲታተም አቧራ ገብቶ ነው፤ በአንዱ ላይ ይወጣል፣ በሌላው አይደገምም። ያው ጉድለት በየሉሁ እዚያው ቦታ ላይ ከተደጋገመ ግን ስንጥቁ ወይም ጭረቱ ያለው ማተሚያው ሰሌዳ ላይ ነው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውም ይሄንን ነው። ስለዚህ ሙሉ ሉህ ካገኛችሁ አትበታትኑት፣ ቦታውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ዋናው ራስ ምታት ያለው የምኒልክ ዘመን ቴምብሮች ላይ ነው። ፓሪስ የታተሙት የመጀመሪያዎቹ፣ ግማሾቹ የንጉሡ ምስል፣ ግማሾቹ አንበሳ ያለባቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ በላያቸው ጽሑፍ ተደርቦባቸዋል። ጽሑፉ ተገልብጦ ወይም ሁለቴ ወርዶ ስታዩ ልባችሁ ይዘላል። ግን በዚያው ልክ የሐሰት ድርብ ጽሑፍ ሞልቷል። ቴምብሩ የፖስታ ቤት ማኅተም ካረፈበት፣ የጽሑፉና የማኅተሙ መስመሮች የሚቆራረጡበትን ቦታ በሌንስ እዩ። ጽሑፉ ከማኅተሙ በላይ ከሆነ፣ ቴምብሩ ደብዳቤ ላይ ካገለገለ በኋላ አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ደርቦበታል። ቀኑም ይነበብ፤ ማኅተሙ ጽሑፉ ከመደረቡ በፊት የነበረ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

እኔም አንድ የተገለበጠ ገዝቻለሁ፣ ሻጩ ሲምልልኝ አምኜ። ማታ በባትሪ ሳየው ጥቁሩ ጽሑፍ በማኅተሙ ክብ ላይ ተንጋሎ ተኝቷል። አሁን የጓደኛዬ ሰማያዊ ቴምብርና እሱ አልበሜ መጨረሻ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ናቸው።