ሊኑክሱ ቀጥ የሚለው መቼ ነው? ፕሮሰሰሩን እንጠይቅ

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር ስታክ ሲያደርግ መጀመሪያ የሚወቀሰው ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ አቧራው፣ ከዚያ መብራቱ። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ፋኑ ይጽዳ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ፔስት ይቀየር፣ ራሙም ሜምቴስት በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ሌሊቱን ይፈተሽ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ችግሩ ካልጠፋ ግን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። አንድ ነገር አስተውሉ፦ ቀጥ የሚለው ሥራ ሲበዛበት ነው ወይስ ዝም ብሎ ሲቀመጥ? ሙቀት የሚያስቸግረው ሥራ የበዛበትን ማሽን ነው። ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ የሚቆም ከሆነ ወደ ፕሮሰሰሩ ዓይነት ሂዱ።

ትንንሽ ላፕቶፖች፣ ሴሌሮን ኤን2840 እና መሰሎቹ

ስክሪኑ ድንገት ቀጥ ይላል። ማውሱ አይንቀሳቀስም፣ የካፕስ ሎክ መብራት አይበራም፣ ሎጉ ላይም ምንም አይገኝም። ያገለገለ ርካሽ ላፕቶፕ የገዙ ተማሪዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። እነዚህ ቤይ ትሬይል የሚባሉት የኢንቴል ቺፖች ናቸው። ባትሪ ለመቆጠብ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ይገባሉ፤ አንዳንዴ በዚያው ይቀራሉ።

መጀመሪያ ከርነሉን (የሊኑክስን ዋና ክፍል) አድሱ። ካልበቃ እንቅልፉን ገድቡት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ግሩብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ሜኑ) ሲመጣ የእንግሊዝኛውን ኢ (e) ፊደል ተጫኑ። «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «ኢንቴል_አይድል.ማክስ_ሲስቴት=1» (intel_idle.max_cstate=1) የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ ሳትተዉ ጻፉ። ከዚያ ኤፍ10። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ለሙከራ ጥሩ ነው። ላፕቶፑ ከተረጋጋ የግሩብ ፋይል ውስጥ አስገቡት። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ግን ጽሑፍ ሳይሴቭ ከሚጠፋ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. የ2017ቱ ራይዘን (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር)

ማታ ተከፍቶ ያደረ ዴስክቶፕ ጠዋት ቆሞ ይገኛል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲፈታ የሚስበው ኃይል በጣም ይወርዳል፣ አንዳንድ ፓወር ሰፕላይም ይህን አይችልም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ውስጥ «ፓወር ሰፕላይ አይድል ኮንትሮል»ን ወደ «ቲፒካል ከረንት አይድል» ቀይሩ።

የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ

እዚህ ነገሩ ይገለበጣል። ከባድ ሥራ ላይ ፕሮግራሞች ይወድቃሉ፣ ዚፕ ሲፈታ ስህተት ይመጣል፣ አንዳንዴም ከርነሉ ራሱ ይወድቃል (ከርነል ፓኒክ)። በተለይ አይ9 እና አይ7 ላይ ታይቷል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስረዳው ምክንያቱ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ነው፤ ቺፑን ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። መፍትሄው 0ኤክስ12ቢ (0x12B) ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ማይክሮኮድ (የፕሮሰሰሩ የውስጥ ማስተካከያ ኮድ) ያለበት ባዮስ ነው። ነገር ግን ባዮሱ ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። ታድሶም የሚወድቅ ቺፕ መቀየር አለበት። ኢንቴል ዋስትናውን በ2 ዓመት ስላራዘመ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። ያገለገለ አይ9 የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከባድ ሥራ አሠርታችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ባዮስ የምታድሱት ዩፒኤስ ካለ ብቻ ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።