ፍቺውን ይዘው ቃሉን ሲያድኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ እጅና እግርን ዘርግቶ፣ እያዛጉ መንጠራራት በእንግሊዝኛ የራሱ ስም አለው፤ ፓንዲኩሌሽን ይባላል። ግን ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ሰው መዝገበ ቃላት ከፍቶ በየትኛው ፊደል ስር ይፈልገው? በእጁ ያለው ፍቺው ብቻ ነው።

ደግነቱ ዛሬ በተገላቢጦሽ መፈለግ ይቻላል። ዋንሉክ የሚባለው ድረ ገጽ በእንግሊዝኛ ፍቺ ሲጽፉለት ቃላት ይደረድርልዎታል። በትልቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የኦንላይን እትም ደግሞ የፍቺዎቹን ጽሑፍ ብቻ ለይቶ መፈተሽ ይቻላል። ተርጓሚውም፣ ደራሲውም፣ የመስቀለኛ ቃላት ሱሰኛውም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ከዚያ ይሞክራል፤ ወይ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ወይ የማይሆን ቃል ይዞ ይወጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ገና ከመነሻው ነው። የሚጽፉት የተሰማቸውን እንጂ መዝገበ ቃላት አዘጋጁ የሚጽፈውን አይደለም። ሆድ ሲጮህ የሚሰማውን ድምፅ እንውሰድ። እኛ «ሲርበኝ ሆዴ የሚያሰማው ድምፅ» ብለን እንጽፋለን። ቃሉ ቦርቦሪግመስ ነው፤ ፍቺው ውስጥ ግን ረሃብ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል። የሚያወራው በአንጀት ውስጥ ጋዝና ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ ስለሚፈጠር ማጉረምረም ነው። አዘጋጁ እንደ ሐኪም ነው የሚያስበው፤ «ርሃብ» እና «ሆድ» ብሎ የፈለገ ሰው ሊያልፈው ይችላል፣ «አንጀት» እና «ማጉረምረም» ያለ ግን ያገኘዋል።

የእንግሊዝኛ ፍቺዎች የሚጻፉበት ልማድ አለ። መጀመሪያ የነገሩ ዓይነት ይመጣል፣ ቀጥሎ ከሌላው የሚለየው። ድርጊት ከሆነ «ዚ አክት ኦፍ»፣ ሰው ከሆነ «ኤ ፐርሰን ሁ»፣ ቅጽል ከሆነ «ሪሌቲንግ ቱ» እያለ ይጀምራል። ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፤ የምፈልገው ድርጊት ነው፣ ሰው ነው፣ ዕቃ ነው ወይስ ሁኔታ? ሰውን በመስኮት አውጥቶ የመወርወር ድርጊት ካሉ ዲፌነስትሬሽን ይመጣልዎታል። ቃሉን ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ1618 በፕራግ የሆነው ነው፤ ተቆጥተው የመጡ ፕሮቴስታንቶች የንጉሡን ሹማምንት በቤተ መንግሥቱ መስኮት ወረወሯቸው። ሹማምንቱ አልሞቱም፤ ድርጊቱ የቀሰቀሰው ጦርነት ግን ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

ሌላው ስህተት ሁለቱን መሣሪያዎች እንደ አንድ ማየት ነው። ዋንሉክ በትርጉም መቀራረብ ስለሚሠራ ሙሉ ሐረግ ቢጽፉለትም ይገባዋል። የኦክስፎርዱ ፍለጋ ግን የጻፉትን ቃል ራሱን ነው የሚያድነው። እዚያ ረጅም ዓረፍተ ነገር መጻፍ ራስን ማድከም ነው። አንድ ወይም ሁለት ዋና ቃል ይበቃል፤ እነሱም ብዙ ቦታ የማይገኙ ቢሆኑ ይሻላል። የቃሉን መጨረሻ በኮከብ ምልክት መተካትም ይጠቅማል፤ አለበለዚያ በእንግሊዝኛ «አንጀት» ብለው ሲፈልጉ «የአንጀት» የሚለው ቅጽል ያመልጥዎታል። አጻጻፍም አለ፤ ኦክስፎርድ ከለር የሚለውን ቃል የሚጽፈው እንደ እንግሊዞቹ ዩ ጨምሮ ነው። በአሜሪካን አጻጻፍ ፈልጎ «የለም» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው።

የሚያውቁትን ፊደል መደበቅም አለ። ቃሉ ምላስዎ ጫፍ ላይ ሆኖ በምን እንደሚጀምር ካስታወሱ ለዋንሉክ ይንገሩት። የሚያስታውሷቸውን ፊደላት፣ ኮከብ ምልክት፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ትርጉሙን ይጽፋሉ። በቢ እና ኤል የሚጀምር ከበረዶ ጋር የተያያዘ ቃል ካሉት ብሊዛርድን ያመጣልዎታል። የፊደላቱን ብዛት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ለማያውቀው ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት ያስገባል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፤ ያገኙትን ቃል ሳያጣሩ ማመን። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም «ዶርድ» የሚል ቃል ነበረው። ፍቺው እፍጋት ይላል። እንዲህ የሚባል ቃል ግን በዓለም ላይ የለም። አዘጋጆቹ በሚጠቀሙበት የማስታወሻ ካርድ ላይ የተጻፈው ትልቁም ትንሹም ዲ የእፍጋት ምህጻረ ቃል ሊሆን ይችላል የሚል ነበር፤ «ዲ ኦር ዲ» (ዲ ወይም ዲ) ተጋጥሞ ተነበበና ቃል ሆነ። ስህተቱ የተያዘው በ1939 ነው። ይህስ የእጅ ስህተት ነው። ሆን ብለው የሚያስገቡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኒው ኦክስፎርድ አሜሪካን ዲክሽነሪ «ኤስኪቫሊየንስ» የሚል ቃል ይዟል፤ ፍቺው የሥራ ኃላፊነትን ሆን ብሎ መሸሽ ነው። አዘጋጆቹ የፈጠሩት ሥራቸውን ገልብጦ የሚወስድን ለመያዝ ነው። ቃሉ የሚያስፈልገው መሥሪያ ቤት ሞልቶ ሳለ ውሸት መሆኑ ያሳዝናል። በፍቺ የሚፈልግ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ወጥመዱ ውስጥ ነው የሚገባው።

ዛሬ ደግሞ ኤአይን የሚጠይቅ ብዙ ነው። ፍቺ ሲሰጡት ቃል አያጣም፤ ከሌለም ከግሪክኛ ሥር አዋልዶ የሚያምር ቃል ሊሰጥዎት ይችላል። በድረ ገጽ በሚዞሩት የፎቢያ (የፍርሃት ስሞች) ዝርዝሮች ውስጥም ለቀልድ የተፈጠሩ ቃላት አሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ቃሉን በታወቁ ሁለት መዝገበ ቃላት ውስጥ ይዩ፣ ከዚያ ሰዎች ሲጠቀሙበት የሚያሳይ ዓረፍተ ነገር ይፈልጉ።

እውነተኛ ቃልም ቢሆን ዕድሜው መታየት አለበት። አማርኛ ተናጋሪን በተለይ የሚያታልል አንድ አለ። እኛ «ከነገ ወዲያ» የምንለውን እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ሲለው ሲያገኙት ልብ ይሞቃል፤ ኦቨርሞሮው። ግን የሞተ ቃል ነው። ለቢሮ ኢሜይል ውስጥ ቢያስገቡት አለቃዎ የፊደል ግድፈት ይመስለዋል፣ ስብሰባውም በተሳሳተ ቀን ይሆናል። ኦክስፎርድ ከእንዲህ ያሉ ቃላት ፊት የጩቤ ቅርጽ ያለው ምልክት ያደርጋል። እሱን ሳያዩ አይለፉ።

ፍቺውን አጋምሶ ማንበብም ያሳስታል። ፔትሪኮር ብዙዎች «የዝናብ ሽታ» ብለው የሚይዙት ቃል ነው። የፈጠሩት ኢዛቤል ቤር እና ሪቻርድ ቶማስ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ፍቺውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን «ለረጅም ጊዜ ደርቆ በቆየ መሬት ላይ» የሚል ያገኛል። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራው ላይ ሲያርፍ የሚሸተን ፔትሪኮር ነው። ነሐሴ ላይ ከጨቀየ ሜዳ የሚመጣው አይደለም።

በመጨረሻ፣ ለሁሉም ነገር ቃል አለ ብሎ መገመት። እንደ ዋንሉክ ያሉት በትርጉም መቀራረብ የሚሠሩ መሣሪያዎች «ይህ ቃል የለም» ማለት አይወዱም፤ ዝርዝር ያመጣሉ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ አብራርተው ቢያስገቡ ሃፍረት፣ ትሕትና፣ ጨዋነት እያለ ይወርዳል። አንዱም ይሉኝታ አይደለም። ያን ጊዜ ገጹን ዘግቶ ነገሩን በአምስት ስድስት ተራ ቃላት መግለጽ ይሻላል።