ርካሽ መጋረጃ ርካሽነቱን የሚያሳብቁ ነገሮች፦ ችግርና መፍትሄ ለሰሜን ሸዋ ቤቶች

መጋረጃን የሚያስከብረው የጨርቁ ዋጋ ብቻ አይደለም። የጨርቁ ብዛት፣ የተሰቀለበት ከፍታና የታችኛው እጥፋት ከዋጋው ይበልጣሉ። ድፍን ቀለም ያለው ርካሽ ፖሊስተር በበቂ ሜትር ተገዝቶ በደንብ ከተሰፋ፣ በስስት ከተገዛ ባለአበባ ከፋይ የተሻለ ያምራል። ስለዚህ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የተሰቀለውን ከበሩ ቆማችሁ ተመልከቱት፤ ዓይናችሁን የሚረብሸው ነገር ከዚህ በታች ካሉት አንዱ መሆኑ አይቀርም።

ሲዘጋ እንደ አንሶላ ይወጠራል

ሲከፈት ደህና ነው፤ ሲዘጋ ግን ሽንሽኑ ጠፍቶ ሜዳ ይሆናል። ይህ ከሁሉም የሚበዛው ችግር ነው፤ መጋረጃውን ርካሽ በማስመሰል ደግሞ የሚወዳደረው የለም።

ምክንያቱ የወርድ ማነስ ነው። ብዙ ሰው መስኮቱን ለክቶ መስኮቱን የሚያህል ጨርቅ ይገዛል። የሚለካው ግን ዘንጉ ነው። የወፍራሙ መጋረጃ ወርድ የዘንጉን እጥፍ ያህል፣ የስሱ ደግሞ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል መሆን አለበት።

በቁጥር እንየው። መስኮቱ 1.20 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ዘንጉ በግራና በቀኝ 15 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ 1.50 ይሆናል። ከዘንጉ እስከ ወለሉ 2.40 ከሆነ፣ ለላይኛው እጥፋት 10፣ ለታችኛው ድርብ እጥፋት 20 ሴንቲ ሜትር ጨምራችሁ እያንዳንዱን ክንፍ በ2.70 ትቆርጣላችሁ።

ጨርቁ ባለ 1.50 ወርድ ከሆነ ሁለት ክንፍ፣ በድምሩ 5.40 ሜትር ያስፈልጋል። ለጎንና ለጎን እጥፋት 4፣ 4 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ እያንዳንዱ ክንፍ 1.42 ይቀረዋል። ሁለቱ ሲደመሩ 2.84 ነው፤ ከዘንጉ እጥፍ ትንሽ ቢያንስም ያምራል። ዘንጉን ወደ 1.70 ካስረዘማችሁት ግን ያው ጨርቅ አይበቃም፤ ሦስተኛ ቁራጭ ገብቶ ሂሳቡ 8.10 ሜትር ይደርሳል። ሃያ ሴንቲ ሜትር ዘንግ 2.70 ሜትር ጨርቅ አስወጣ ማለት ነው። ባለ 1.50 ጨርቅ የያዘ ሰው ዘንጉን እንዲህ ባለ መስኮት ላይ ከ15 ባያሳልፍ ይሻለዋል።

ባለ 2.80 ወርድ ጨርቅ ካገኛችሁ ሌላ መንገድ አለ። ጨርቁን አግድም አዙሩት፤ ወርዱ ቁመት ይሆናል። 2.70 የሚፈልገው ቁመት በ2.80 ውስጥ ስለሚገባ የምትገዙት 3.20 ሜትር ብቻ ነው፣ መጋጠሚያ ስፌትም አይኖርም። በሜትር ዋጋው ከፍ ቢልም 3.20ን በአንዱ፣ 5.40ን በሌላው ዋጋ አባዝታችሁ አወዳድሩ። አቅጣጫ ያለው አበባ ወይም መስመር ያለበት ጨርቅ ግን ሲዞር አበባው ይተኛልና አይሆንም።

ቀድሞ የተሰፋና የጠበበ መጋረጃ ካላችሁ አትጣሉት። የሁለት መስኮት መጋረጃ ለአንድ መስኮት ይዋል። ወይም ወፍራሞቹን ሁለቱን ጎን ላይ ሰብስባችሁ እንዳይጎተቱ አድርጋችሁ ተዉአቸው፤ መሐሉን ሙሉ ስስ መጋረጃ ይሸፍነው። ይህ ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሙቀት ይስማማል። ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ ግን ማታ የሚዘጋ ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል።

መስኮቱ አጭር፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ይመስላል

ዘንጉ ከመስኮቱ ጫፍ ጋር ተጠግቶ ተመቷል፤ ወይም መጋረጃው መስኮቱ ባለቀበት አልቋል። ዘንጉን በመስኮቱና በኮርኒሱ መካከል ካለው ቦታ ቢያንስ እኩሌታ ላይ ስቀሉት። ቦታው ከ30 ሴንቲ ሜትር ካነሰ በቀጥታ ከኮርኒሱ ሥር ይሁን። የታችኛው ጫፍ ከሊሾው 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ በየቀኑ በውሃ የሚወለወል ወለል ከሆነ 2 ይሁን። ወለል ላይ የተኛ መጋረጃ በሥዕል ያምር ይሆናል፤ እዚህ ግን አቧራ መጥረጊያ ከመሆን አያልፍም።

ተዘጋጅቶ የተገዛው መጋረጃ ካጠረ ከታች ሌላ ቀለም ቀጥሉበት። ቅጥያው ከሙሉው ቁመት አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ይሁን፤ ለ2.40 መጋረጃ ከ48 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ከቀጠላችሁ እንዳጠረ ታሳብቃላችሁ፤ ሰፋ ሲል ግን ታስቦበት የተሠራ ይመስላል። ቀለሙ ከላዩ የጠቆረ፣ ውፍረቱ ከላዩ ያላነሰ ይሁን። ከላይ ብትቀጥሉ ስፌቱ ዓይን ላይ ያርፋል።

ዘንጉ ይጎብጣል፣ ማሰሪያው ከግድግዳው ይነቀላል

እዚህ ላይ የግድግዳው ዓይነት ይወስናል።

የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ፣ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ (ብሎኑ የሚገባበት ፕላስቲክ) ይሽከረከራል። ከመስኮቱ በላይ የሚያልፈው ኮንክሪት ግን ጠንካራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በግራና በቀኝ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ግድግዳው ውስጥ ይገባል። ዘንጉን 15 ብቻ ለማሳለፍ ሌላው ምክንያት ይኸው ነው፤ ማሰሪያው ኮንክሪቱ ላይ ያርፋል። በ8 ቁጥር መብሻ፣ በ8 ቁጥር ፊሸርና ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ብሎን ይታሰር። ከኮንክሪቱ ወጥታችሁ ባዶው ላይ ከወደቃችሁ፣ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ሞልታችሁ ሁለት ሦስት ቀን አድርቁትና እንደገና ብሱት።

የጭቃ ቤት ከሆነ ምርጊቱ ሚስማርም ብሎንም አይዝም። ግድግዳውን በጣት አንኳኩታችሁ ቋሚዎቹን ፈልጉ፤ ደፈን ያለ ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ወርዱ 10፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ቢያንስ ሦስት ቋሚ ላይ አግድም ምቱና ዘንጉን ከጣውላው ጋር እሰሩ። ጣውላው የግድግዳውን ቀለም ከተቀባ ከመጋረጃው ኋላ ማንም አያየውም።

ዘንጉ ራሱ ቀጭን ከሆነ ከ1.20 ሜትር በላይ መሐሉ ላይ ድጋፍ ይፈልጋል። በሱቅ የሚሸጡት የሚረዝሙና የሚያጥሩ ባለ ሁለት ክፍል ዘንጎች የሚጎብጡት መጋጠሚያቸው ላይ ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛው ድጋፍ እዚያው ይቀመጥ። ርካሹና ጠንካራው አማራጭ ግን ከብየዳ ቤት የሚገዛ 25 ወይም 32 ሚሊ ሜትር ክብ የብረት ቱቦ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋችሁ አንድ ጊዜ ፀረ ዝገት፣ ሁለት ጊዜ የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡት። የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ፕላስቲክ ጫፍ አትግጠሙበት፤ ከሩቅ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

ስትሰቅሉ ውሃ ልክ ተጠቀሙ። ኮርኒሱ ራሱ ያጋደለበት ቤት ግን ብዙ ነው፤ ዘንጉ ከኮርኒሱ በ5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከሆነ ውሃ ልኩን ትታችሁ ኮርኒሱን ተከተሉ፤ ዓይን የሚያወዳድረው ከእሱ ጋር ነው።

ሽንሽኑ ወደ ጎን ይበተናል፣ ጫፉ ይኮማተራል

እነዚህ ሁለቱ ተመሳሳይ ቢመስሉም ምክንያታቸው ይለያያል።

የሚበተነው አዲስ ፖሊስተር ገና ስላልለመደ ነው። መጋረጃው እንደተሰቀለ ክፈቱት፣ ሽንሽኑን ከላይ እስከ ታች በእጅ አስተካክሉ፣ በጨርቅ ቁራጭ ሦስት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩና ሦስት ቀን ተዉት። ከማሰራችሁ በፊት በመርጫ ትንሽ ውሃ ብትረጩበት ቶሎ ይይዛል። ሲባጎ አትጠቀሙ፤ ምልክት ይተዋል።

ባለቀለበት መጋረጃ ከሆነ የቀለበቱን ቁጥር ተመልከቱ። በእያንዳንዱ ክንፍ ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር መሆን አለበት፤ 8፣ 10 ወይም 12። ጎደሎ ከሆነ አንደኛው ጫፍ ወደ ግድግዳው፣ ሌላው ወደ ክፍሉ ዞሮ ይቀራል። ለ1.42 ክንፍ 10 ቀለበት ይበቃል፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ከጫፍ 4 ሴንቲ ሜትር፣ በመካከላቸው 15 ሊሞላ ትንሽ የቀረው ርቀት።

የሚኮማተረው ጫፍ ግን የስፌት ጉዳይ ነው። አንደኛ፣ የጨርቁ የፋብሪካ ጠርዝ ከመሐሉ ይልቅ ጥብቅ ስለሆነ ጎኑን ይስባል፤ ከመታጠፉ በፊት 1 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አስወግዱት። ሁለተኛ፣ የስፌት መኪናው ክር ጠብቋል። ለልብስ ሰፊው የላዩን ክር እንዲያላላ፣ የስፌቱን እርምጃ ወደ 3 ወይም 3.5 ሚሊ ሜትር እንዲያሳድግ፣ ለስስ ጨርቅም ቀጭን መርፌ እንዲያስገባ ንገሩት። መጀመሪያ በቁራጭ ጨርቅ ላይ አሰፍታችሁ እዩ።

ታችኛው ጫፍ ይንሳፈፋል

በሱቅ የተዘጋጀ መጋረጃ የታች እጥፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ጥሩ እጥፋት 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል፤ ክብደቱ ጨርቁን ወደ ታች ይስባል። በልብስ ሰፊ ቤት ብዙ ሰው ጨርቅ ለመቆጠብ የሚቆርጠው ይህንኑ ነው፤ ከሁሉም በፊት መነካት የሌለበት ግን እሱ ነው።

በላሜራ መስኮት ክፍተት ነፋስ የሚገባበት ቤት፣ በተለይ በጣርማ በርና በደብረ ሲና በኩል፣ እጥፋቱ ብቻውን አይበቃም። በእያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ሁለት ሮንዴላ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ እጥፋቱ ውስጥ ክተቱ። ዝገት የማይዘው ሮንዴላ ይሁን፤ አለዚያ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ቡናማ ነጥብ ጨርቁ ላይ ይወጣል። ሮንዴላውም ይረዳል፤ የመስኮቱን ክፍተት በሲሊኮን መድፈን ግን ይቀድማል።

ብርሃን ያሳልፋል፣ ቀለሙ ቶሎ ይገረጣል

ገበር የለውም። ርካሽ ጨርቅን ውድ የሚያስመስል ሌላ ነገር ብንጠየቅ ነጭ አቡጀዴ እንላለን። ገበሩ ጨርቁን ያወፍራል፣ ፀሐይ ቀለሙን እንዳይበላው ይከላከላል፣ ማታ መብራት ሲበራ የቤቱን ሰው ጥላ ከመንገድ ያስቀራል። ከውጭ ሲታይም ሁሉም መስኮት አንድ ዓይነት ነጭ ይሆናል።

አቡጀዴ ጥጥ ስለሆነ ሲታጠብ ይሸበሸባል፣ ያጥራልም። ፖሊስተሩ ደግሞ አያጥርም። ሳይታጠብ ከተሰፋ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ገበሩ ላዩን ወደ ላይ ይስበዋል። ስለዚህ ከልኩ አንድ አሥረኛ ያህል ጨምራችሁ ግዙ፣ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ አድርቃችሁ በጋለ ካውያ ተኩሱት፤ ከዚያ ይቆረጥ። ገበሩ ከላይና ከጎን ብቻ ይያያዝ፤ ታቹ ለብቻው ታጥፎ ከላዩ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይጠር።

የደብረ ብርሃን ጥቁር ነጥብ

ደብረ ብርሃን በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚወርድባቸው ሌሊቶች መስታወቱና የብረት ክፈፉ ይቀዘቅዛሉ፤ የክፍሉ እርጥብ አየር እዚያ ላይ ውሃ ይሆናል። ማታ ወጥ ከተሠራ ወይም ብዙ ሰው በአንድ ክፍል ካደረ ይብሳል። መጋረጃው መስታወቱን ከነካ ያንን ውሃ ይጠጣል፤ በሳምንታት ውስጥ ገበሩ ታች በኩል ሻጋታ ያወጣል። ሸዋ ሮቢት በ1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ይህን አታውቀውም፤ እዚያ ጠላቱ ፀሐይ ነው።

ማሰሪያው ዘንጉን ከግድግዳው ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ያርቀው። ጠዋት መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መስኮቱ ለሩብ ሰዓት ያህል ይከፈት፤ ክፈፉ ላይ የቆመው ውሃ በጨርቅ ይጠረግ። ሻጋታው ነጭ አቡጀዴ ላይ ብቻ ከሆነ ገበሩን ፍቱትና ለ10 ሊትር ውሃ አንድ የቡና ሲኒ በረኪና አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። በረኪናን ከአቼቶ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ባለ ቀለሙን ጨርቅም በረኪና አታስነኩት።

ለብርዱ ብላችሁ የመንዝ ባና (ከበግ ሱፍ የሚሠራውን ወፍራም ብርድ ልብስ) በገበርነት ለማስገባት ካሰባችሁ ክብደቱን አስሉ። የሱቁ ቀጭን ዘንግ አይችለውም፤ ባለ 32 ቱቦና ሦስት ማሰሪያ ይፈልጋል። ለበር መጋረጃ ግን ባና ግሩም ነው።

ያብለጨልጫል

ርካሽ ሳቲን መብራት ሲያርፍበት ፕላስቲክ ይመስላል። ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ፈዘዝ ያለና ጥጥ የሚመስል ነው። ጀርባውን ወደ ክፍሉ አድርጋችሁ አሰፉት። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ከሻጩ 20 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ገዝታችሁ ጠዋትም ማታ በአምፖልም ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ አወዳድሩ። በነጭ አምፖል ሥር ክሬም ቀለም ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሱቅ ውስጥ አይታይም።

ከታጠበ በኋላ ተበላሸ

ፖሊስተር በጋለ ካውያ ይቀልጣል ወይም ያብረቀርቃል። ዝቅተኛው ሙቀት ላይ አድርጋችሁ፣ በላዩ እርጥብ ነጠላ ጨርቅ ደርባችሁ ከጀርባው ተኩሱት። ከሁሉ የሚቀለው ግን ሳይጨመቅ ገና እርጥብ እያለ ዘንጉ ላይ መልሶ መስቀል ነው፤ የራሱ ክብደት ይዘረጋዋል። ከሥሩ ሳፋ ወይም አሮጌ ጆንያ አንጥፉ። የቡና ከሰልና የዕጣን ማጨሻውን ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቁ፤ ፖሊስተር ፍንጣሪ ሲነካው ወዲያው ይበሳል፣ የጭሱም ጥቀርሻ የሚቀመጠው የላይኛው ሽንሽን ላይ ነው። እዚያ ላይ የተቀመጠውን በደረቅ ብሩሽ በየሁለት ሳምንቱ ካራገፋችሁት ዋናው እጥበት በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃዋል፤ አንዱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሌላው ከፋሲካ በፊት።