ከባንድ ወጥታችሁ ብቻችሁን ለምታዜሙ፦ እባካችሁ እነዚህን ስህተቶች ተዉ

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ከድምፃውያን ጀርባ ቆሜ ኪቦርድ ስጫወት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ባህላዊውን ዜማ ከሶል (ከጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ጋር እያዋሃዱ በራሳቸው ስም መድረክ የሚይዙ ወጣቶች ሲበረክቱ ልቤ ይሞላል። ሁሉም በዚያው ድንጋይ ሲደናቀፉ ማየት ግን ሰልችቶኛል።

ከሁሉም የከፋው ዘፈንን በሰሙበት ቶን፣ ማለትም በዚያው የድምፅ ከፍታ፣ ካልዘፈንኩ ማለት ነው። «ካሴቱ ላይ እንዲህ ነው» ይሉኛል። ካሴቱ ላይ ያለው ሰው ያስቀረጸው እኮ በራሱ ጉሮሮ ልክ ነው! የእርሱ ከፍታ የእናንተ ከፍታ አይደለም። ወንድ የዘፈነውን ሴት ስትወስደው አንዳንዴ አምስትና ስድስት ግማሽ ድምፅ (ግማሽ ድምፅ ማለት ኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ነው) መቀየር ግድ ይላል፤ ኪቦርድ ላይ ደግሞ ይህ የአንድ አፍታ ሥራ ነው። ቶን ማውረድ ሽንፈት የሚመስለው ድምፃዊ ስንት ጊዜ ገጥሞኛል! አድማጭ የዘፈኑን ቶን ቆጥሮ አያውቅም፤ ድምፃችሁ ሲጨነቅ ግን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

አንዲት ልጅ ነበረች። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዛፍ የሞላበት ግቢ፣ የማታ ዝግጅት። ቀን ልምምድ ላይ የትዝታውን አዝማች ደርሳበታለች። ማታ ግን ስድስተኛ ዘፈኗ ነበር። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ አገጯ ተነሣ፣ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ድምፅዋ ለሁለት ተሰነጠቀ። የድሬ ሰው ደግ ነው፤ አጨበጨበላት። እርሷ ግን የቀሩትን ዘፈኖች ፈርታ ነው የጨረሰቻቸው። አገጯ ሲነሣ ቀን ልምምድ ላይ አይቼው ነበር፤ ላላስቀይማት ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል። በሳምንቱ ሦስት ግማሽ ድምፅ አውርደን ሠራነው። ያንኑ አዝማች ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅዋን እያንቆረቆረች አለፈችው። ስለዚህ ቶን የምትመርጡት ጠዋት በታደሰ ጉሮሮ አይሁን፤ አንድ ሰዓት ከዘፈናችሁ በኋላ ከፍተኛውን ቦታ ሁለት ጊዜ ደጋግማችሁ ሞክሩት።

ሶል የምትወዱ ልጆች ደግሞ ድምፅ ማጠላለፍ፣ አንዱን ቃል በብዙ ድምፅ እያዞሩ መዝፈን፣ ታበዛላችሁ። ማጠላለፉ ያምራል፤ ነገር ግን ቅኝቱን፣ ዜማው የሚመላለስባቸውን ድምፆች፣ አትርሱ። በትዝታ ሜጀር ውስጥ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው ያሉት፤ ፋ እና ሲ የሉም። ከላይ ወደ ታች ስትንደረደሩ ፋን ረግጣችሁ ካለፋችሁ ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ሌላ ጥሩ ነገር ሊሆን ይችላል፤ አድማጩ ግን የናፈቀውን አያገኝም። በመጀመሪያ ቅኝቱን ያለ ምንም ጌጥ፣ በክራር ብቻ፣ በዝግታ ዘልቃችሁ ዝፈኑት። ጌጡ ከዚያ በኋላ ራሱ ቦታውን ያውቃል።

ክራር ካነሳን አይቀር፦ የዘፈኖቻችሁን ተራ ስታወጡ የክራር ተጫዋቹን ጠይቁት። ከትዝታ ወደ አምባሰል፣ ከአምባሰል ወደ ባቲ፣ ከዚያ መልሳችሁ ወደ ትዝታ ካላችሁት በየመሐሉ አውታሮቹን እንደገና መቃኘት አለበት፤ ሕዝቡም ቁጭ ብሎ ሲቃኝ ያያል። የአንድ ቅኝት ዘፈኖችን አንድ ላይ አድርጉ፤ ወይም ሁለተኛ ክራር ይዘጋጅ።

ማይክሮፎኑን እጀታው ላይ ያዙት። የማይክሮፎኑን ራስ በመዳፍ መሸፈን በቪዲዮ ያምር ይሆናል፤ የመድረክ ማይክሮፎን ግን ከፊቱ ያለውን እንዲሰማ፣ ከኋላው ያለውን እንዲተው የሚያደርጉት ከወንፊቱ በታች ያሉ ክፍተቶች ናቸው። እነርሱን ስትደፍኑ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ እግራችሁ ሥር ካለው ድምፅ ማጉያ የሚወጣውንም መልሶ ይወስድና ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ይነሣል። ከዚያ ሁሉም ዞሮ የሚያፈጠው የድምፅ ባለሙያው ላይ ነው፤ እርሱ ምን አጠፋ?

ከምሽት ሥራ በፊት ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ፣ ጫት ስትቅሙ፣ አትዋሉ። አፍና ጉሮሮ ይደርቃል፤ በድሬ ሙቀት ደግሞ ይብሳል።

ስለ ቋንቋ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። የእኛ አድማጭ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪና አማርኛ የሚያወራ ነው። በ2015 ዓ.ም. ያረፈው የድሬዳዋው ልጅ አሊ ቢራ በእነዚህ ሁሉ፣ በአረብኛም ጭምር አዚሟል፤ ይህ ሕዝብ ያደገው በዚያ ነው። ስለዚህ ትርጉሙን የማታውቁትን ግጥም በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ይዛችሁ አትውጡ። በኦሮምኛ «ለፈ» አጥሮ ሲነገር መሬት ነው፤ «ላፋ» ተስቦ ሲነገር ለስላሳ። አንድ አናባቢ ስትስቡ መልእክቱ ይገለበጣል። ዜማው እንድትስቡ እየገፋፋችሁ ከሆነ ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና ቃል በቃል ያርማችሁ። የፊት ረድፍ ላይ ያሉ እናቶች ግጥሙን አብረዋችሁ በከንፈራቸው ሲሉት ካያችሁ ልክ ናችሁ።

የሌላ ሰው ግጥምና ዜማ ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፤ የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ቀልድ አያውቅም።

ሐረር ሥራ ካላችሁ ደግሞ በጊዜ ውጡ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትደርሱ አየሩ ሌላ ነው፤ ማታ ይበርዳል። ድሬ ላይ የተቃኘ ክራር ሐረር ሲደርስ ቅኝቱ ይዛነፋል፤ ድምፃችሁም እንዲሁ። መሣሪያዎቹን ከሳጥናቸው አውጥታችሁ መድረኩ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አስቀምጧቸው፤ እናንተም አንገታችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ፣ አፋችሁን ገጥማችሁ በዝግታ እያንጎራጎራችሁ ጠብቁ። ክራሩ የሚቃኘው ከዚያ በኋላ ነው።