የጥድ አጥር ለምን ይደርቃል? ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

በአዲስ አበባና በሌሎች የደጋ ከተሞች ለአጥርና ለግቢ ውበት በብዛት የሚተከለው የፈረንጅ ጥድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ ባለቤቱን ያዘናጋል። ቅጠሉ ቀለሙን የሚለውጠው ሥሩ ወይም ቅርንጫፉ ከተጎዳ ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ፣ በጥቅምት የሚታየው ቡናማ ቀለም በክረምቱ የደረሰ ጉዳት ውጤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መቀስም ሆነ መድኃኒት ከማንሳት በፊት መድረቁ ከየት እንደጀመረ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል።

ውስጡ ብቻ ሲደርቅ

ጫፎቹ ለምለም ሆነው ወደ ግንዱ የተጠጋው ቅጠል ብቻ ከረገፈ ዛፉ ጤነኛ ነው፤ ብርሃን የማያገኘውን አሮጌ ቅጠል እየጣለ ነውና መድኃኒት አያስፈልገውም።

ቅርንጫፎች እዚህም እዚያም ሲደርቁ

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው ይህ ምልክት ነው። ቡናማ የሆነውን ቅርንጫፍ ገለጥ አድርጋችሁ ከቅጠሉ ይልቅ ቀጭኑን እንጨት ተመልከቱ። ግራጫና ቡናማ የሆኑ ጥቃቅን ነፍሳት በቅርፊቱ ላይ ተሰባስበው ከተገኙ፣ ቅጠሉም የሚጣበቅ ፈሳሽና ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ካለበት፣ በግንዱም ላይ ጉንዳን የሚመላለስ ከሆነ፣ ምክንያቱ የጥድ ክሽክሽ ነው። ይህ ተባይ እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ከታየ በኋላ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች ተዛምቶ ወደ ኢትዮጵያም የገባ ሲሆን፣ የሀበሻ ጥድንም ያጠቃል። ጭማቂውን ሲመጥ የሚለቀው ምራቅ ቅርንጫፉን ስለሚመርዘው፣ ነፍሳቱ ከሄዱ በኋላም መድረቁ ለጊዜው ሊቀጥል ይችላል።

የደረቀውን ቆርጣችሁ ከግቢ አውጡ፤ የቀረውን በጠንካራ የውሃ ግፊት እጠቡ፤ ከዚያም በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ፀሐይ ሳይበረታ በቅርንጫፎቹ ውስጥ እንዲደርስ ርጩ፣ በየሳምንቱም ድገሙት። ያገኙትን ሁሉ የሚገድል ጠንካራ ፀረ ተባይ መርጨትን አልመክርም፤ ክሽክሽ የምትበላውን ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ አብሮ ስለሚያጠፋ ተባዩ ተመልሶ ሲመጣ የሚከላከል አይኖርም።

ዛፉ በሙሉ ቢጫ ሲሆን

ሥሩ ታፍኗል ወይም ተጠምቷል፤ ሁለቱም በቅጠሉ ላይ ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው ሳይቆፍሩ ውሃ መጨመር አደገኛ ነው። ከዛፉ አጠገብ 30 ሴንቲሜትር ያህል ቆፍሩና አፈሩን በእጃችሁ ፈትሹ። ውሃ በሚያቁረው ጥቁር አፈር ላይ የተተከለ ጥድ ክረምቱን ሥሩ በውሃ ተውጦ ያሳልፋል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። መፍትሄው ውሃውን በቦይ ማስወጣት፣ አዲስ ችግኝንም ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ነው፤ ሥሩ ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ ግን ዛፉን ማዳን አይቻልም። አፈሩ ደርቆ ከተገኘ በሳምንት አንድ ጊዜ ወደ ታች ዘልቆ እስኪገባ አጠጡና ዙሪያውን ግንዱን በማይነካ ጉዝጓዝ ሸፍኑ። ከተተከለ ከዓመታት በኋላ ሳያድግ የሚደክም ከሆነ ደግሞ፣ የችግኙ ፕላስቲክ ሳይወጣ ተተክሎ ወይም ሥሩ በውስጡ ተጠማዞ እንደሆነ መርምሩ።

አጥሩ ከታች ሲራቆት

ላዩ ሰፍቶ ታቹ ሲጠብ ጥላ ይበዛል፤ ታቹ ሰፋ፣ ላዩ ጠበብ እንዲል አድርጋችሁ ከርክሙ።

ከተከረከመ በኋላ ባዶ ሆኖ ሲቀር

የከተማን ጥድ ከተባይ ይልቅ የሚጎዳው መቀስ ይመስለኛል። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ጥድ ግን ቅጠል የሌለበት አሮጌ እንጨቱ ድረስ ከተቆረጠ በዚያ ቦታ እንደገና አይለመልምም። ለዓመታት የተተወን አጥር በአንድ ቀን ወደ ግማሽ ስፋቱ ለመመለስ የሚሞክር ሰው ቡናማ ግድግዳ ይተርፈዋል፣ ማዳበሪያም አያድነውም። ሁልጊዜ አረንጓዴ ቅጠል ትታችሁ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በዝናብ ወራት ከርክሙ። ባዶው ቦታ ጠባብ ከሆነ የጎረቤቱን ለምለም ቅርንጫፍ በገመድ ስቦ ማሰር ከጊዜ በኋላ ይሸፍነዋል፤ ሰፊ ከሆነ ግን የሞተውን ነቅሎ፣ አሮጌውን ሥር አጽድቶ፣ በሰኔ ወይም በሐምሌ አዲስ ችግኝ መትከል ይሻላል።