ሰው በድንገት ሲረሳ፦ የልብ ምቱንም እዩ

ሰውየው ደህና ውሎ ድንገት «እዚህ ምን እየሠራን ነው?» ይላል። ይነገረዋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያንኑ ይጠይቃል። ስሙን ያውቃል፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይለያል፣ አዲስ የሰማው ነገር ግን አይያዝለትም። ቤት ውስጥ «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» ይባላል። እባካችሁ አታስተኙት። ሰዓቱን መዝግቡና መኪና እየተጠራ የልብ ምቱን ቁጠሩ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። በአውራ ጣቱ በኩል፣ የእጅ አንጓው ላይ፣ ሁለት ጣታችሁን አሳርፉና 60 ሰከንድ ሙሉ ቁጠሩ። ያረፈ አዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል። ከቁጥሩ እኩል አመታቱንም አስተውሉ።

ምቱ ዝብርቅርቅ ካለ፦ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት፣ አንዴ ዝለል የሚያደርግ ከሆነ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሊሆን ይችላል። የላይኛው የልብ ክፍል በደንብ ከመጨመቅ ይልቅ ይንቀጠቀጣል። ደም እዚያ ይጠራቀምና ይረጋል፤ የረጋው ተነስቶ አንጎል ከገባ ስትሮክ ነው። ይህ የምት መዛባት የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። ስትሮክ መርሳትን ብቻ ይዞ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ ፊቱ ተጣሞ፣ እጁ ዝሎ፣ አንደበቱ ተሳስሮ እንደሆነም እዩ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። «ተሻለው» ብላችሁም አትቅሩ። አስፕሪን ከቤት አትስጡ፤ አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆነ ያባብሰዋል።

እኛ አገር ይህ የምት መዛባት የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም። በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በር የጠበበባቸው ወጣቶችም ያገኛቸዋል። ለእነሱ የሚታዘዘው ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ዋርፋሪን ነው። ብዙውን ጊዜ አይ ኤን አር የሚባለው፣ ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው ምርመራ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ጎመን አትብሉ ማለት አይደለም፤ የምትበሉትን መጠን አታለዋውጡ። በጾም ወቅት ጎመን የሚበዛ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን በራስ ማቆም ግን በፍጹም አይሆንም።

ምቱ ከ40 በታች ከሆነና ሰውየው ወድቆ ከነበረ፦ የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚረሳው ራሱን የሳተባትን አፍታ ነው። የሚውጠውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዳንድ የግፊትና የልብ ኪኒን ምትን ያዘገያል። የልብን ኤሌክትሪክ የሚያነበው ኢሲጂ ችግሩን ካልያዘው የ24 ሰዓት የልብ ምት መቅረጫ ይታሰርለታል። ምናልባትም ፔስሜከር፣ ማለትም ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ትንሽ መሣሪያ፣ ያስፈልገዋል።

ምቱ ደህና ከሆነና መርሳቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ከለቀቀው፦ ጊዜያዊ የመርሳት ክስተት ሊሆን ይችላል። ከ50 እስከ 70 ዓመት ባሉት ላይ ይበዛል፤ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ከባድ ጉልበት ወይም ድንጋጤ ይቀሰቅሰዋል። መድኃኒት አይፈልግም። እነዚያ ሰዓታት ግን ተመልሰው አይታወሱም። ይህን ስም የሚሰጠው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ሐኪሙ ነው። ከእንቅልፍ ሲነሳ ለአጭር ጊዜ እየተመላለሰ የሚመጣ ከሆነ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል የአንጎል ሞገድ ምርመራ ይጠየቅ።

ኢንሱሊን የሚወስድ ከሆነ ከሁሉ በፊት ስኳሩን ለኩ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻለ ወዲያው ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ።