ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት፦ የፉድ ስታምፕ ካርድዎን ከሌባ እንዴት እንደሚጠብቁ

በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ እናቶች ደብዳቤ ሲደርሳቸው እንዳነብላቸው ወደ እኔ ይዘው ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ይዘውልኝ የመጡት ግን የሱቅ ደረሰኝ ነበር። የጤፍ ዱቄት፣ ዘይትና ሽንኩርት በጋሪ ሞልተው ካሸሯ ጋ ሲደርሱ የወሩ ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ለምግብ መግዣ የሚሰጠው ገንዘብ፣ ባዶ ሆኖ አገኙት። ካርዱ ከቦርሳቸው አልወጣም። የስልኩን መተግበሪያ ከፍተን ስናይ ገንዘቡ በገባበት ሌሊት፣ እሳቸው ተኝተው ሳለ፣ ረግጠውት በማያውቁት ስቴት በአንድ ግዢ ተጠርጎ ወጥቷል። ሰው እያያቸው እቃውን ትተው መውጣታቸው እስካሁን ያንገበግበኛል። ይህንን የምጽፈው ለእሳቸው ቢጤዎችና ስልካቸውን ለሚያስተካክሉላቸው ልጆቻቸው ነው።

መጀመሪያ ሌባው እንዴት እንደሚሠራ ይወቁ፤ ይህን ያወቀ ሰው ቀሪውን አይረሳም። አሜሪካ ውስጥ ያለው አብዛኛው የኢቢቲ ካርድ (የፉድ ስታምፕ ገንዘብ የሚገባበት ካርድ) እንደ ባንክ ካርድ ቺፕ የለውም። ያለው ከጀርባው የተሳለው ጥቁር የማግኔት መስመር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ ይገለበጣል። ሌቦቹ ስኪመር የሚባለውን መሣሪያ በሱቁ ካርድ ማንበቢያ ላይ እንደ ክዳን ይገጥሙታል። እርስዎ ካርድዎን ሲያንሸራትቱ መሣሪያው መስመሩን ይቀዳል፤ የሚስጥር ቁጥሩን (ፒኑን) ደግሞ በድብቅ ካሜራ ወይም በቁልፎቹ ላይ በተለጠፈ ሐሰተኛ ሽፋን ይወስዳል። ከዚያ ባዶ ካርድ ላይ ገልብጠው ይጠብቃሉ። የሚጠብቁት ገንዘቡ የሚገባበትን ቀን ነው። ብዙ ጊዜ ሂሳቡ የሚሞላው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ ባለቤቱ ጠዋት ሳይነቃ ይጨርሱታል።

እንግዲህ ካርዱ በተገለበጠበትና ገንዘቡ በሚገባበት ሌሊት መካከል ቀናት አሉ ማለት ነው። ጥበቃው ሁሉ የሚሠራው በእነዚያ ቀናት ነው።

1. ትክክለኛውን መተግበሪያ ያውርዱ

በብዙ ስቴቶች ስሙ ኢቢቲ ኤጅ ወይም ኮኔክት ኢቢቲ ነው፤ የእርስዎ ስቴት የትኛውን እንደሚጠቀም በስቴቱ የማኅበራዊ አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። በኢንተርኔት ፈልገው መጀመሪያ የመጣልዎትን ማስታወቂያ አይጫኑ። ተመሳሳይ ስም የያዙ ሐሰተኛ ገጾች የካርድ ቁጥርና ፒን ለመልቀም የተከፈቱ ናቸው። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ቁጥር ሊገለገል ይችላል፤ ሌት ተቀን ይሠራል።

2. ካርዱን ቆልፈው ያስቀምጡ

አንድ ነገር ብቻ ቢያደርጉ ይህን ያድርጉ እላለሁ። መተግበሪያው ካርዱን መቆለፊያ ካለው፣ ግዢ በማይፈጽሙበት ጊዜ ሁሉ ተቆልፎ ይዋል፤ ይደር። የተቆለፈ ካርድ በትክክለኛው ፒን እንኳ አይሠራም። ሱቅ ገብተው ወረፋ ላይ ሲደርሱ ይከፍቱታል፤ ከፍለው ሲጨርሱ መልሰው ይቆልፉታል። የመንግሥት ገንዘብ ግን ተቆልፎም ቢሆን ወደ ሂሳቡ ይገባል። ብዙዎቹ እናቶች «ከቆለፍኩት ገንዘቡ አይገባም» ብለው ስለሚፈሩ ነው ይህን መናገሬ።

በብዙ ስቴቶች ከዚሁ ቦታ ላይ ከስቴት ውጪ የሚደረግ ግዢንና የኦንላይን ግዢን ለየብቻ መዝጋት ይቻላል። ሁለቱንም ይዝጉ። የዋሽንግተን አካባቢ ሰው ግን ልብ ይበል፦ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ እንጀራና በርበሬ የሚገዙት አሌክሳንድሪያ ከሆነ ሜሪላንድን አልፈው ቨርጂኒያ ገብተዋል፤ ያን ዕለት የስቴቱን እገዳ ካላነሱ ካርዱ እምቢ ይላል። ገዝተው ሲመለሱ መልሰው ይዝጉት።

3. ገንዘቡ ከመግባቱ አንድ ቀን በፊት ፒኑን ይቀይሩ

ሌባው የገለበጠው ካርድ የሚሠራው ከሰረቀው ፒን ጋር ብቻ ነው። እርስዎ ዛሬ ማታ ፒኑን ከቀየሩ በእጁ ያለው ካርድ ተራ ፕላስቲክ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘቡ የሚገባበት ቀን ለምሳሌ 9 ከሆነ በ8 ቀን ማታ ይቀይሩ፤ ስልክዎ ላይ በየወሩ የሚደወል ማስታወሻ ይሙሉ። የሰዓቱ አቆጣጠር እንዳያሳስትዎ፦ ስልኩ 12 ኤኤም የሚለው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ አዲሱ ቀን የሚጀምረው ያኔ ነው። 1234፣ 1111፣ የልደት ዓመትና የስልክ ቁጥር መጨረሻ አይሁን። አራቱ ቁጥሮች ይረሱኛል የሚል ሰው ለራሱ ብቻ ትርጉም ያለው፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ቁጥር ይምረጥ፤ ለምሳሌ ልጅ ሳለ የነበረበትን ቤት ቁጥር። ፒኑን ወረቀት ላይ ጽፎ ከካርዱ ጋር ማስቀመጥ ግን ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ እንደ መሄድ ነው።

4. ካሸሩ ጋ ሲደርሱ ማሽኑን ይንኩት

ካርድዎን ከማስገባትዎ በፊት የማሽኑን ዳርና ዳር ይዘው ጎተት አድርጉት። የተለጠፈ ነገር ይነቃነቃል። ከጎኑ ካለው ማሽን ወፈር ካለ፣ ቀለሙ ከተለየ ወይም ቁልፎቹ ሲጫኑ ጠጠር ካሉ እዚያ አይክፈሉ፤ ለሠራተኛው ይንገሩ። ይህን ማድረግ ነውር አይደለም። ፒኑን ሲጫኑ ሌላውን እጅ ከላይ ይጋርዱ፤ ካሜራውን የሚከለክለው ይኸው እጅ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ የሚኖሩ ሰዎች እፎይ ይበሉ፦ ስቴቱ በ2025 ከሁሉም ቀድሞ ቺፕ ያለውን ኢቢቲ ማደል ጀምሯል፤ አዲሱ ካርድ የደረሰው ሰው ከማንሸራተት ይልቅ ቺፑን ያስገባ ወይም አስጠግቶ ይክፈል።

5. ፒን የሚጠይቅ ስልክ ይዝጉ

«ካርድዎ ታግዷል፣ ለመክፈት ይደውሉ» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ አይደውሉ፤ ሊንኩንም አይጫኑ። የደወለው ሰው ጥርት ያለ አማርኛ ቢናገር እንኳ ያው ነው። እውነተኛው መሥሪያ ቤት ደውሎ ፒን አይጠይቅም። የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎን መጨረሻ አራት ቁጥሮችንም አይስጡ፤ በአንዳንድ ስቴት በስልክ ፒን ለመቀየር የሚጠየቁት እነዚሁ ናቸው።

ካርዱን ለጎረቤት ወይም ለባለ ሱቅ «ያዝልኝ» ብሎ መስጠትም ይቅር። በፈቃድዎ ፒን የሰጡት ሰው ቢጠቀምበት ተሰረቅሁ ብሎ መከራከር አይቻልም። አቅም ያነሳቸው አባት ወይም እናት ካሉ፣ የሚገዛላቸውን ሰው ኬዝ ወርከሩ (ጉዳያቸውን የያዘው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ) በሕጋዊ ወኪልነት እንዲመዘግበው ይጠይቁ።

ተሰርቆ ቢገኝስ?

ከሱቁ ሳይወጡ ካርዱ ጀርባ ላይ ወዳለው ቁጥር ይደውሉና ካርዱን ያሰርዙ። ፍጥነቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ ካሳወቁበት ደቂቃ በኋላ ለሚወጣው ገንዘብ በሕጉ ኃላፊነቱ የስቴቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ለወጣው ግን ነገሩ ከባድ ነው። የፌዴራል መንግሥት በስኪመር የተሰረቀ የፉድ ስታምፕ ገንዘብ ይተካ የነበረው ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 እስከ ዲሴምበር 20 ቀን 2024 ለደረሰው ስርቆት ብቻ ነበር። ያ ሕግ ጊዜው አልፏል፤ ኮንግረስ ሳያራዝመው መቅረቱ ድሃውን ለሌባ ትቶታል ብዬ አምናለሁ። ያም ሆኖ ዝም አይበሉ። አንዳንድ ስቴቶች ከራሳቸው በጀት ይተካሉ፤ ቅጹ የሚሞላበት ቀነ ገደብ ስላለው በዚያው ቀን ይጠይቁ። የግዢዎቹን ዝርዝር ከመተግበሪያው ፎቶ አንስተው ይያዙ፤ የሱቁ ስም፣ ሰዓቱና የገንዘቡ መጠን እዚያ ላይ አለ።

እንግሊዝኛ አልችልም ብሎ ስልኩን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ አማርኛም በዚያ ሕግ ከሚገለገሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስልኩን ያነሳው ሰው ሲያናግርዎ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ይበሉና መስመሩ ላይ ይጠብቁ። የልጅ ልጅዎን ከትምህርት ቤት እስኪመለስ አይጠብቁት።